ሱስና እንቅልፍ ማጣት፦ በቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ላይ የተሰጠ አስተያየት

ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ከቀረቡት የውሳኔ ሐሳቦች አንዱ፣ «ሱስ እንዳለባቸው የታወቀ አባላት ከመረዳጃው ገንዘብ እንዲታገዱና ጉዳያቸው የትምህርት ዕድሉን ለሰጠው ክፍል እንዲገለጽ» የሚል እንደ ነበር በዚያ የተገኘን ሁሉ እናስታውሳለን። ሐሳቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ እንጂ አልወደቀም። እንዲያውም ከነበረው ጭብጨባ እንደ ተረዳሁት፣ በዕለቱ ድምፅ ተሰጥቶበት ቢሆን ኖሮ ያለ ብዙ ክርክር ያልፍ ነበር። በዚያው ሰሞን በዚሁ ልሳናችን ላይ የወጣ ጽሑፍም ሱሰኛውን «ፈቃደ ደካማ፣ ለወገኑ ሸክም» ሲል ገልጾታል። እኔ ይህን አቋም እቃወማለሁ። የምቃወመውም ለሱስ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። በሽታውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ከበሽታው የባሰ ጉዳት እንደሚያደርስ ከምማረው ትምህርትም ከራሴ ኑሮም ስላየሁ ነው።

ለመሆኑ «ጉዳዩ ይገለጽ» ማለት እዚህ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ አስበንበታልን? የትምህርት ዕድሉ የተነሣበት ተማሪ የመኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገድ አውሮፕላን ጣቢያ ነው። ይህም ነገሩ በደኅና ሲያልቅ ነው። አገራችን ውስጥ ጫት በአደባባይ የሚሸጥ፣ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ሸቀጥ ነው፤ እዚህ ግን አንድ ዙርባ ይዞ መገኘት በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ያስከስሳል። አገር ቤት ሳለን እንደ ዋዛ የምናያቸው ኪኒኖች፣ ማለትም እንደ ትራማዶልና ኮዴን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንደ ዳያዚፓም ያሉት የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች፣ ፕሪጋባሊንም ጭምር፣ እዚህ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸውና ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መግባት እንኳን ለከባድ ችግር ይዳርጋል። ስለዚህ የጓደኛን ስም በወረቀት ጽፎ ለቢሮ ማስተላለፍ ምክር ሊባል አይችልም። ፍርድ ነው።

ክርክሩን የቀሰቀሰው የማን ነገር እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን ግን አልጠራም። ልጁ አጅማን የሚማር የምሕንድስና ተማሪ ነው። ካራማ የሚያድረው ማታ ማታ የሚሠራበት ምግብ ቤት እዚህ ስለ ሆነ ነው። የሚሠራውም ከሚያገኘው የኪስ ገንዘብ ላይ ቆርሶ ለእናቱ መላክ ስላለበት ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ከሥራ ይወጣል። ስድስት ሰዎች በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ የላይኛው አልጋ ላይ ሲወጣ 8 ሰዓት ይሆናል። ከሥሩ ያለው ሰው በ10 ሰዓት ለሥራ ይነሣል፤ መብራት ይበራል፤ የሻንጣ ዚፕ ይንጫጫል። እሱ ራሱ በ11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ አውቶቡስ መያዝ አለበት። ደኅና አድሯል በሚባልበት ሌሊት ሦስት ሰዓት ተኩል ተኛ ማለት ነው።

ቀን ክፍል ውስጥ ላለማንቀላፋት የኃይል መጠጥ ይጠጣል። አንዱ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ጣሳ 80 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን አለበት፤ እሱ ሦስት፣ አንዳንድ ቀንም አራት ይጨርሳል። በመካከሉ ከረክ ሻይ አለ። ካፌይን ደግሞ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ልጁ ሌሊት አልጋው ላይ ሲወጣ የቀኑ መጠጥ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ድካም አለ፤ እንቅልፍ የለም። አንድ የሚያዝንለት ወዳጅ «እንካ፣ ይኸን ዋጥ፤ ጭልጥ አድርጎ ያስተኛሃል» ብሎ ኪኒን ሰጠው። የመጀመሪያውን ሳምንት በእርግጥም ጭልጥ አድርጎ አስተኛው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ አልበቃ ብሎ ሁለት ሆነ። ኪኒኑ ሲያልቅ ሁለት ሌሊት ዐይኑን ሳይከድን አነጋ። በሦስተኛው ቀን ፈተና ነበረበት፤ ፈተናው ሲሰጥ እሱ ተኝቶ ነበር። ወሬው ማኅበሩ ዘንድ የደረሰው «እገሌ ሱሰኛ ሆኗል» ተብሎ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። የዚህ ልጅ በሽታ መነሻው የቱ ነው? ኪኒኑ ነው? የኃይል መጠጡ ነው? ወይስ ሦስት ሰዓት ተኩሉ?

በሕክምናው ዓለም እንቅልፍ ማጣት ለረጅም ጊዜ የሱስ ጅራት ተደርጎ ይታይ ነበር። ሰውዬው ይጠጣል፤ በመጠጡ የተነሣ እንቅልፉ ይበላሻል፤ መጠጡን ሲተው ይስተካከላል ይባል ነበር። ነገሩ እንዲህ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያለው አለመሆኑ እየታወቀ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ናኦሚ ብሬስላውና ባልደረቦቻቸው ሚሺጋን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 30 ዓመት የሆነ አንድ ሺህ ያህል ወጣቶችን ተከታትለው ያወጡት ጥናት አለ። በመጀመሪያው ምርመራ ጊዜ የእንቅልፍ ችግር ያለባቸው ወጣቶች ከሌሎቹ ይልቅ በኋላ የመንፈስ ጭንቀት በብዛት ያዛቸው፤ ይህ ብቻም ሳይሆን የዕፅና የመጠጥ ችግር ውስጥ የገቡትም ከእነሱ ወገን በዝተው ተገኙ። ዕድሜያቸውን ልብ በሉ፤ የእኛ ዕድሜ ነው።

ለዚህ አንዱን ምክንያት የሚያመለክት ሌላ ሥራ ኖራ ቮልኮው ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥተዋል። ጤነኛ ሰዎችን አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳይተኙ አድርገው አእምሯቸውን በመሣሪያ አነሡት። ዶፓሚን የሚባለውን፣ ፍላጎትንና መነሣሣትን የሚያንቀሳቅሰውን ንጥረ ነገር የሚቀበሉት «ዲ 2» የሚባሉ ተቀባዮች፣ ደስታን በሚያስተናግደው የአእምሮ ክፍል ውስጥ ቀንሰው ተገኙ። የእነዚሁ ተቀባዮች ማነስ በብዙ ሱሰኞች አእምሮ ውስጥ ከዚያ በፊት የታወቀ ነገር ነው። እንግዲህ አንድ ሌሊት እንቅልፍ የተከለከለ ጤነኛ ሰው ለጊዜውም ቢሆን በአንድ በኩል የሱሰኛን አእምሮ ይመስላል ማለት ነው። (ይህ አባባል የእኔ ነው እንጂ የተመራማሪዎቹ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚወዱ አስተማሪዎቼ ቢያነቡት እንደማይወዱልኝ አውቃለሁ።) ያልተኛ ሰው ለጣፋጭም፣ ለሲጋራም፣ ለቅጠልም እንቢ የማለት አቅሙ ይደክማል። ይህን «ፈቃደ ደካማነት» ብንለው እንኳ ፈቃዱን ያደከመው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ወደ ራሳችን ቅጠል እንመለስ። ጫትና እንቅልፍ የቆየ ጠብ አላቸው። በ14ኛው መቶ ዘመን በዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ስሙ ይነሣል፤ በሐረርና በየመንም ሌሊቱን በጸሎትና በዚክር ለሚያነጉ ሰዎች ዐይን ማቆሚያ ሆኖ ኖሯል። ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጂቡቲና ወደ ሶማሊያ የሚጓዘው ጫት በጥድፊያ የሚጓዘው፣ በእርጥብ ቅጠል የሚጠቀለለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዋናው ንጥረ ነገሩ ካቲኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከእርጥብ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው እሱ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደካማ ወንድሙ ይለወጣል፤ የአወዳይ ነጋዴ ኬሚስትሪ ሳይማር ይህን ያውቃል። ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ዶፓሚንንና ኖራድሬናሊንን ከነርቭ ጫፍ ገፍቶ ያስወጣል፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ምግብ ይዘጋል፤ እንቅልፍ ይርቃል። ከቀኑ 8 ሰዓት በርጫ የተቀመጠ ሰው 12 ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲደርስ መጽሐፍ ሁሉ የገባው ይመስለዋል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደግሞ ጣራ ላይ አፍጥጦ ያገኙታል።

እኔ ራሴ ጫት የጀመርኩት ለደስታ አይደለም፤ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ለማለፍ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያደንቀኝ ብዬ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ የጫት ቤት የማያውቅ ከመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ። ጥናቱ በምሽት፣ ጫቱ ለጥናት፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከጫቱ፣ በማግሥቱ ያለው መደንዘዝ ከእንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐራራው ከመደንዘዙ እየተወለደ አንድ ዓመት ተኩል ቆየሁ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ወደዚህ ያመጣኝን ዕድል ያገኘሁትም በዚያው ውጤት ነው፤ ስለዚህ ከእኔ የባሰ ፈቃደ ደካማ አለ ለማለት ለእኔ ይከብደኛል። የትምህርት ዕድሉ የደረሰኝ ጊዜ፣ ከመብረሬ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም፤ ልንካውም ብል የለም።

ካራማ የደረስኩ ሰሞን የተኛሁት እንቅልፍ እንቅልፍ አይባልም። አሥራ ሁለት ሰዓት እተኛና ተደብድቤ እንዳደርኩ ሆኜ እነሣለሁ። በአራተኛው ሌሊት ይመስለኛል ዱካክ መጣ። ዱካክን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ጫት ያቋረጠን ሰው በእንቅልፉ እየመጣ የሚቀጣ ክፉ መንፈስ ነው ይባላል። ቅጣቱ ደግሞ ለሰሚው የሚያስቅ ነው። አንዱን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ያንቀረቅበዋል፤ ሌላውን አንድ ጆንያ ጠጠር ዋጥ ይለዋል። እኔን ጠርሙስ ውስጥ ከተተኝ። ይህን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስለ ኖርኩ ዱካኬም ልማዱን የሚያውቅ ዱካክ ነበር ማለት ይቻላል። አያለሁ፣ እሰማለሁ፣ መጮኽ እፈልጋለሁ፤ እጄም እግሬም አንደበቴም አይታዘዙኝም። በመጨረሻ ድምፄ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን አምስቱንም ሰዎች ቀሰቀስኩ። ከእነሱ መካከል አንድ የወሎ ሰው ነበሩ፤ በጥበቃ ሥራ ላይ ያሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። መብራቱን አበሩና አዩኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ጫት ትቅም ነበር እንዴ?» አሉኝ። ዋሽቼ «ኧረ አልቅምም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያው ዱካኩ ቤት ተሳስቶ ነው» ብለው ሣቁና ውሃ ሰጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሃያ ቀን ቢቆይ ነው። ቀን አትተኛ። ማታ ቡና አትጠጣ። ወንድሜ፣ ይኸን የማያውቅ ሰው የለም፤ አታፍርበት» አሉኝ።

ሐኪም ለመሆን ከተማርኩ በኋላ የጋሼን ምክር ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁት። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ፣ ዐይናችን ከቆቡ ሥር ፈጥኖ የሚንቀሳቀስበት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 አሴሪንስኪና ክላይትማን ካሳወቁት ወዲህ በሰፊው የተጠና ነገር ነው። በዚያ ጊዜ አእምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ሰውነት ግን ሕልሙን ተነሥቶ እንዳይተውን ጡንቻዎቹ ሁሉ ይታሰራሉ። አነቃቂ ዕፆች ይህን የሕልም እንቅልፍ ይጫኑታል። ዕፁ ሲቋረጥ ተጭኖ የቆየው የሕልም እንቅልፍ በእጥፍ ይመለሳል፤ በዝቶ፣ ሰዓቱን ሳይጠብቅ፣ በከባድ ሕልም ተሞልቶ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ሲነቃ የጡንቻው እስር ገና ሳይፈታ ይቀራል። ዱካክ ማለት ይህ ነው። ሕመምተኛውን ጠርሙስ ውስጥ የሚከተው በአእምሮውና በጡንቻው መካከል ያለው ይህ አጭር አለመገናኘት ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ አልፈራም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ግን አልዋሽም ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ጫቱን ትቶ ወደ ጫቱ የሚመለሰው ለምርቃናው ብሎ ሳይሆን ከዱካክ ለማምለጥ ብሎ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ሲቅም ዱካኩ አይመጣም። ስለዚህ ቅጠሉ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ሱስ የምንለው ነገር በብዙ ሰው ላይ የሚጸናው በዚህች በር ነው፤ ደስታ ፍለጋው ገና ድሮ አልቋል፤ ሰውዬው የሚፈልገው አንዲት ደኅና ሌሊት ነው።

ጨብሲም የዚሁ ታሪክ ግማሽ ነው። የምርቃናውን ፍጥነት ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል፤ ያልበቃው ኪኒን ይጨምርበታል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሌሊቱ የመጀመሪያ እኩሌታ የሕልሙን እንቅልፍ ከልክሎ፣ ከደም ውስጥ ተሟጦ ሲወጣ በሁለተኛው እኩሌታ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። «ጠጥቼ ስተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከች ብዬ እነቃለሁ» የሚለው ሰው የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሲጋራም ከዚህ አይለይም፤ ኒኮቲን ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ስለሚወጣ አጫሹን ሐራራው ገና ሳይነጋ ይቀሰቅሰዋል። መጠጥን ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ የተወ ሰው እንቅልፉ ለወራት ሳይስተካከል ሊቆይ እንደሚችል፣ እንቅልፉ የማይስተካከልለትም ወደ መጠጡ የመመለሱ ዕድል ከፍ ያለ እንደ ሆነ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። እንግዲህ አንድን ሰው «ተው» ብለን አዘን፣ ከተወ በኋላ ያሉትን እነዚያን ሌሊቶች ብቻውን እንዲወጣቸው ትተነው፣ ሲመለስበት «ብለነው ነበር» የምንል ከሆነ ምኑን መከርነው?

እዚህ ላይ ስለ ካራማ አልጋ አንድ ነገር ሳልናገር ላልፍ አልችልም። ለእንቅልፍ ማጣት ዛሬ በመጀመሪያ ደረጃ የሚመከረው ሕክምና ኪኒን አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ የሰጠው ሐሳብንና ልማድን ለማስተካከል ለሚሰጠው ሕክምና ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተነሣ፤ አልጋህን ለእንቅልፍ ብቻ አውለው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተህ እንቅልፍ ካልመጣ ከመኝታ ክፍልህ ውጣና ሲያንቀላፋህ ተመለስ ይላል። ይህን ስማር ክፍል ውስጥ ሣቅ አምልጦኝ አስተማሪው ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። ከመኝታ ክፍሌ ወጥቼ ወዴት እሄዳለሁ? ቤድ ስፔስ ለተከራየ ሰው አልጋው መኝታውም፣ ወንበሩም፣ የጥናት ጠረጴዛውም፣ የምግብ ገበታውም፣ ከእናቱ ጋር በስልክ የሚነጋገርበት ሳሎኑም ነው። ኩሽናው ውስጥ ሌላ ሰው ተኝቷል። ደረጃው ላይ ብቀመጥ ዘበኛው ምን ሆንክ ይለኛል። ሕክምናው ትክክል ነው፤ የተጻፈው ግን ክፍል ላለው ሰው ነው።

ከእኛም የባሱ አሉ። እኛ ተማሪዎች ነን፤ ሲከፋን ቤተ መጻሕፍት ሄደን ጠረጴዛ ላይ እንደፋለን። በየቤቱ የሚሠሩት እኅቶቻችንስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዚህ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8 ሰዓቱ ያልተቋረጠ እንዲሆን ደንግጎ ነበር፤ በ2022 እሱን የተካው ሕግ ከነደንቡ ይህንኑ ይዟል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ ሲያለቅስ፣ እንግዳ ሲያመሽ፣ በረመዳን ሌሊቱ ቀን ሲሆን ያቺ ስምንት ሰዓት የት እንደምትደርስ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካራማ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ አንዷን እኅት መጠየቅ ይበቃል። በቀደም አንዲት እኅት «ለራስ ምታት ነው» ብላ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ኪኒን አሳየችኝ። ራስ ምታት አልነበረባትም። «ስውጠው እተኛለሁ፣ ወንድሜ» አለችኝ። ምን እንደ ሆነና ከእሷ ጋር ቢያዝ ምን እንደሚያስከትል ስነግራት ኪኒኑን ትታ እኔን ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ አንተ ምን ትሰጠኛለህ?» አለችኝ። የምሰጣት አልነበረኝም።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ። «ሁሉን በእንቅልፍ ካሳበብን የሰው ኃላፊነት የት ይቀራል? እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ሱሰኛ አልሆነም» ይላሉ። ልክ ነው፤ አልሆነም። ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ያደሩ፣ ከእኔ ያነሰ የተኙ፣ ከሻይ በቀር ያልቀመሱ ሰዎች አሉ። ገንዘብ፣ ናፍቆት፣ የዘር ውርስ፣ የጓደኛ ግፊት፣ የአገር ቤት ወሬ፣ እነዚህ ሁሉ አሉበት። ጫትንም ቅዱስ ቅጠል ለማድረግ አልተነሣሁም፤ የቤተሰቡን ቀለብ በርጫ ላይ የጨረሰ አባት አውቃለሁ። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ከምክንያቶቹ ሁሉ እኛ በእጃችን ልንነካው የምንችለው እንቅልፍን ነው። የማንንም የዘር ውርስ ማኅበራችን ሊያስተካክል አይችልም። የአልጋ ድልድል ግን ማስተካከል ይችላል።

ደግሞም አንድ ነገር ሳይነገር አይለፍ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዚህ አገር የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ፣ ጥብቅነቱ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ከመያዙ በፊት በገዛ ፈቃዱ ወይም በትዳር ጓደኛው ወይም በቅርብ ዘመዱ አማካይነት ለሕክምና የቀረበን ተጠቃሚ እንደማይከስ ይናገራል። እንግዲህ የመንግሥት ሕግ ለታመመ ሰው አንዲት በር ሲተው፣ የወንድማማቾች ማኅበር ነን የምንል እኛ ያቺን በር እንዝጋ ነው የምንለው? ስሙ ለቢሮ እንደሚተላለፍ ያወቀ አባል ለማን ይናገራል? እኔ ያን ሌሊት ለጋሼ የዋሸሁት ማንም ሳያስፈራራኝ ነው። ውሳኔው ከጸደቀማ የምንዋሸው ሁላችን እንሆናለን፤ ሕመምተኛውም የሚገኘው ከወደቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ የውሳኔው ሐሳብ የመጨረሻው ክፍል ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ፣ ስለ መረዳጃው ገንዘብ ያለውም ተገልብጦ፣ ለሕክምና የሚቀርብ አባል የመጀመሪያውን የምርመራ ወጪ ከዚያው እንዲረዳ እጠይቃለሁ። ሌሊት የሚሠሩ አባላት ከሌሊት ሠራተኞች ጋር፣ ቀን የሚማሩት ከቀን ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል እንዲያድሩ አልጋ የሚያለዋውጥ አንድ ሰው እንምረጥ፤ ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ኪኒን ለማንም አንስጥ፤ በጎ አስበንም ቢሆን። የእንቅልፍ ኪኒን ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ጓደኛ ያለው ደግሞ «ዛሬውኑ ጣለው» አይበለው፤ በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ የሚችል ዓይነት አለና በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። የምሕንድስናውን ተማሪ ሐኪም ዘንድ አብሬው ለመሄድ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ምሽቱን ሥራውን በሳምንት በሦስት ሌሊት ቢቀንስ የሚጎድልበትን ለአንድ የትምህርት ወቅት የሚሸፍን ብድር ከመረዳጃው እንዲሰጠው በስሙ ሳይሆን በእኔ ስም ጠይቄያለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ራሱ ስብሰባው ነው። ያለፈው ስብሰባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተጠርቶ፣ በ5 ተጀምሮ፣ ሦስተኛው ቡና የተቀዳው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነበር፤ ስለ ሱሰኞች የተጨበጨበውም ከዚያ በኋላ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢሆንስ? ጀበናውን እኔ አቀርባለሁ።

አንድ የሕክምና ተማሪ
ካራማ